ውሃው የሚጮኽበት ልጅ

ዛሬ ጠዋት የአራት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሽንት ቤት በር ላይ ጆሮውን ይዞ ቆመ፤ ሱሪው ረጠበ።

«ጌታው፣ ከእኔ ቀድመህ አረጀህ?» ስለው፣ «አባባ፣ ውሃው ሲለቀቅ ይጮኻል» አለኝ። ሳቄ ጠፋ።

ታናሽ እኅቴም እንዲሁ ነበረች። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ደብረ ታቦር ውስጥ በየጓሮው ሽንት ቤት አስቆፈረ። የእኛው ቆርቆሮ በነፋስ ሲንኳኳ ጆሮዋን ይዛ ትሸሻለች፤ ሆዷ እስኪነፋ አምቃ ትውላለች።

ሽንት ቤት የጋኔን ማደሪያ ነው ስለሚባል፣ እናታችን «ለክፏት ነው» ብላ ጠበል ወሰደቻት። ፊቷን ሲያጥቧት እንኳ የምትንዘፈዘፈውን ልጅ፣ በዚያ በጉና ተራራ ብርድ የጠበሉ ፏፏቴ ሥር አቆሟት። ስትጮኽ «ሊወጣ ነው» እያሉ አጥብቀው ያዟት።

ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተናገረችም። ዝም እንዳለች ኖራ፣ ዝም እንዳለች አረፈች።

ዛሬ ልጄ፣ የልጁ እናት፣ «አባዬ፣ ጠበል ልውሰደው እንዴ?» አለችኝ። ጠበሉን እኔም እጠጣለሁ፤ ግን «ቆይ እስቲ» ብዬ ፖፖውን ጓሮ አስቀመጥሁለት።

ደርግ ዘብ ሳያደርገኝ ቀርቶ፣ በስተርጅና የፖፖ ዘብ ሆንሁ።

የእናንተስ ልጅ ምን ይጮኽበታል? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? እኅቴን የጠየቃት አልነበረም።