ወደ በርጫ የተላከው ሚስዮናዊ

ክፍሉ ሚስዮናዊ ነው። እጅ ተጭኖበት፣ ሻንጣ ተገዝቶለት፣ በመዝሙር የተሸኘው ከድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር እዚያው ከተማ ወዳለው ሳቢያን ሰፈር ነው። በባጃጅ። እናቱ ወይዘሮ ማዘንጊያ ያን ቀን ያፈሰሱት እንባ ግን ባሕር ለሚሻገር ልጅ የሚበቃ ነበር።

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ሊሰብክ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ፀሐይና ውሻ ብቻ ነው። ወንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። ክፍሉ በር ሲያንኳኳ ሰነበተ። በመጨረሻ ጎማ ነጋዴው አብዲራሺድ አዘነለትና፣ "አቦ ግባ፣ ፀሐይ ይገድልሃል!" አለው። ገባ። ከዚያ ወዲህ፣ ይኸው ስንት ዓመት፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው ተቀምጦ፣ ጫት ሳይነካ፣ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ስለ ኢየሱስ ያወራል። አንድም ሰው አላመነም። ውጣ ያለውም የለም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የቤተክርስቲያናችን እህት ከበርጫ ቤት ሲወጣ አየችው። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ከዚራ ገባ። እኛ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ተሰበሰብን። በእኛ አካሄድ ቢሆን ጌታ ራሱ ከቀራጮች ጋር በመብላቱ ይታገድ ነበር። ክፍሉን ፊታችን አቁመን ከአገልግሎት መነሳቱን ነገርነው።

"ሌላ የምሄድበት የለኝም" አለ ክፍሉ።

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። አብዲራሺድ ነበር፤ ክፍሉን ከቦታው ሲያጣው አፈላልጎ፣ በሽርጡ እንዳለ መጥቷል።

"ምስክር ነኝ" አለ ሳይቀመጥ። "ወላሂ አንድ ቅጠል አልቀመሰም! እንዲያውም በወሬው ምርቃናችንን ያጠፋብናል። ስብከቱን ማንም አይሰማውም።"

ክፍሉ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለ ጠበቃ አይጣል ነው።

"ታዲያ አንተ ምን አመጣህ?" አሉት ሰብሳቢያችን አቶ ይትባረክ።

አብዲራሺድ ድምፁ ዝቅ አለ።

"ልጄ በየመን በኩል ሄዳ ጠፋችብኝ። ትሙት ትኑር አላውቅም። እናቷ እንዳትታመምብን ብለን ቤት ውስጥ ስሟን መጥራት ትተናል። እኔም ከአፌ ካወጣሁት ቆየሁ። ይሄ ሰውዬ ግን ሊሄድ ሲነሳ በየቀኑ ስሟን ጠርቶ ይጸልይላታል። ስሟን የምሰማው ከእሱ ብቻ ነው። እሱን ካነሳችሁት ማን ይጠራልኛል?"

እኔ አፈርኩ። ቤተክርስቲያን ስመላለስ ያረጀሁ ሰው፣ ለጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ጸልዬ አላውቅም።

አቶ ይትባረክ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ክፍሉ ይቀጥላል" አሉ። "አሁን ለልጅቷ እንጸልይ። ተነሡ። ማን ብለን እንጥራት?"

ሁላችንም ወደ ክፍሉ ዞርን። ክፍሉ ግን በእጁ ወደ አብዲራሺድ አመለከተ። ሰውዬው የሽርጡን ጫፍ ጨበጠ።

"ሙኒያ" አለ አባቷ።