አፍ አጥቦ የሚሄድ ወይን

ጣሊያን ሲባል እኔ የማውቀው የሥራዬን ቋንቋ ነው፤ ላሜራ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ። ቡልጋሪያ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ስቀጠቅጥ ነው ያረጀሁት። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ ከሳምኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደምናገረው ነው። ማሳመር አላውቅም፤ የሚያሳምሩ ሰዎችንም አልወድም።

ስለ ወይን የምጽፈው በልጄ ምክንያት ነው። እዚሁ ካዛንቺስ፣ ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ፣ የጣሊያን ምግብ በሚሸጥ ሬስቶራንት መጠጥ የሚቀዳ ልጅ ሽማግሌ ላከብኝ። ጨዋ ነው አሉኝ። ጨዋነቱን መች ጠየቅኩ። ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን አረቄ ሲጠጣ ኖሮ ሰንጋ ተራ አንድ ግሮሰሪ በር ላይ ወድቆ ቀረ፤ አስከሬኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከጠርሙስ ጋር ለሚውል ሰው ልጅ እንደማልሰጥ ያን ቀን ወስኛለሁ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ። ዘር ቆጠሩ፣ ልጁን መልአክ አደረጉት። በሚመጣው እሁድ ተመለሱ ብዬ ሸኘኋቸው። ሲወጡ የልጁ አጎት በፌስታል የያዘውን ጠርሙስ በሩ ሥር ትቶት ሄደ፤ ነጭ የጣሊያን ወይን። ይሄ ከወግ ውጭ ነው። እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ያመጣውም አይቀመስም። ከቀመስክ ልጅህን ሰጥተሃል ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ከእኔ በላይ እያወቀች ጠርሙሱን ፍሪጅ ከተተችው። ሙቀት እንዳያበላሸው ነው አለች። ልጅቷ እናቷን አስቀድማ አሸንፋታለች፣ በቃ።

ቅዳሜ ከጋራዥ ስመለስ ጉሮሮዬ የስቱኮ ብናኝ ብቻ ነበር። ፍሪጁን ስከፍት ጠርሙሱ ቆሞ ያየኛል። እስቲ ይሄ ልጄን ሊወስድብኝ የመጣ ነገር ምንድን ነው አልኩና ክዳኑን ጠመዘዝኩት።

ወይን ስል እኔ የማውቀው ሠርግ ላይ የሚቀዳውን ቀይና ጣፋጭ ነው፤ እሱንም ሰው ኮካ ይቀላቅልበታል። ይሄ ቀለም እንኳ የለውም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የተበላሸ መሰለኝ። ኮምጠጥ ይላል፣ ግን ሆምጣጤ አይደለም፤ ያልበሰለ ፖም ሲገምጡት ጥርስ እንደሚነካው ነው። ከዚያ የሎሚ ልጣጭ ሽታ፣ ከዚያ ጨው ነገር። ከዚያ የለም፣ ሄደ። ምላስ ላይ አልተጣበቀም፣ ደረቴን አላቃጠለኝም። ባለቤቴ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና ስፕራይት ልትጨምርበት ተነሳች። ተይው አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ የሚለማመጥ ሰው ሰልችቶኛል፤ ይሄ መጠጥ አይለማመጥም። የሆነውን ነው የሚነግርህ። ምሳችን የተጠበሰ ዓሣ ነበር፤ ከእሱ ጋር ሌላ ብርጭቆ ቀዳሁ፣ ዓሣው ራሱ የተሻለ ዓሣ ሆነ። ስነሳ እግሬ የራሴ እግር ነበር።

ወንድሜ ምነው ይሄን ባገኘ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ቢያገኘውም አይወደውም ነበር አልኩ። እሱ የሚፈልገው መጠጡ እንዲቆይበት ነበር።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የጎደለው ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አልደበቅኩትም። ትልቁ ሽማግሌ ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወንበር ሳቡ።

«እንግዲህ ቀምሰዋል። ልጅቷን ሰጥተውናል» አሉ።

«ይቁሙ እንጂ» አልኳቸው። «የቀመስኩት ወይኑን ነው፤ ልጁን አልቀመስኩትም። ይምጣ።»

ልጅ የሚጠይቅ ወንድ በሽምግልናው ቀን ዝር አይልም። አጉረመረሙ፣ ግን ተጠራ። ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ከሥራው መጣና በሩ አጠገብ ቆመ። ስለ ልጄ አንድም ቃል አላነሳሁም። ይሄን ወይን ለምን እንደሚወደው ጠየቅኩት። አጎቱ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት በእጄ ዝም አሰኘሁት።

«አፌን አጥቦ እንዲሄድልኝ ነው፣ አባባ» አለ ልጁ። «ካልሄደማ ቀጥሎ የምበላው አይጥመኝም።»

«እንዲቆይብህ ብለህ ጠጥተህ አታውቅም?»

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አላውቅም እንዲል ነው። ልጁ ወደ እሳቸው አላየም።

«አውቃለሁ። ወይን ሳይሆን አረቄ። እናቴ የሞተች ሰሞን ነው። ጠዋት ስነቃ እሷም አልተመለሰችም፣ እኔም እኔ አልነበርኩም። ተውኩት።»

አጎቱ ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ ያለ ነገር ሽምግልና ላይ አይነገርም። መልአኩን በአንድ ትንፋሽ ሰው አደረገው። እኔ ደግሞ ለመልአክ የምሰጠው ልጅ አልነበረኝም። ባለቤቴ ከጓዳው በር ሆና ታየኛለች፤ ልጄ ከጀርባዋ ናት፣ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

እልልታው ሲበርድ የቀረውን ወይን ቀዳሁላቸው። ትልቁ ሽማግሌ ቀመስ አድርገው ፊታቸውን አኮማተሩና ስፕራይት እንዳለ ጠየቁ። የለም አልኳቸው። ነበር።