ለቅሶን ዕቅድ ውስጥ ያስገባችው ትርሲት

ትርሲት ጠና ሰው አልገደለችም። ይህ አስቀድሞ መነገር አለበት። ምክንያቱም ሆሳዕና መውጫ ላይ ባለው የብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ዲግሪያቸውን በፍሬም ሰቅለው፣ ስልካቸውን በጣት አሻራ እየከፈቱ፣ እሷን ሲያዩ ግን መንገድ የሚቀይሩ ሰዎች ነበሩ።

ትርሲት ከሆሳዕና አቅራቢያ ያለችው የፎንቆ ልጅ ናት። አባቷ መምህር ጠና ነርስ እንድትሆንላቸው ተመኝተው ነበር፤ እሷ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተምራ ተመለሰች። ዘመድ ተሰብስቦ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲላት «ፋብሪካው ነገ ምን እንደሚያመርት፣ በየትኛው መኪና እንደሚጫን አቅዳለሁ» ብትል፣ አክስቷ «የነገን የሚያውቅ ጌታ ብቻ ነው» ብላ ዘጋቻት። ቀጭን ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። ባጃጅ ውስጥ እንኳ ሹፌሩን «በዚያ ብትዞር ይሻልህ ነበር» ሳትል አትወርድም። እውነትን በማንኪያ ሳይሆን በአካፋ ነው የምታቀርበው። ጥፋቷም ይኸው ነው፤ ሌላ የለባትም።

ፋብሪካው ሲሙሌሽን የሚባል ሶፍትዌር ገዛ። ነገሩ ቀላል ነው። ፋብሪካህን ኮምፒውተር ውስጥ ትሠራዋለህ፤ ማቡኪያው፣ ምድጃው፣ ማሸጊያው፣ ሠራተኛው፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ የአንድ ወሩን ሥራ በደቂቃ ውስጥ ታስሮጠውና የት እንደሚጨናነቅ፣ ምን እንደሚያጥር ቀድመህ ታያለህ። ዱቄት ሳይባክን መሳሳት ይቻላል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሠርቶ የሄደው ፋብሪካ ግን ገነት ነበር። መብራት አይጠፋም። ዝናብ አይዘንብም። ሠራተኛው አያምመውም፣ ልጅ አይድርም፣ ሰው አይሞትበትም። መኪናው በገበያ ቀን እንኳ ከሆሳዕና ሾኔ ሽው ብሎ ይገባል። ማኔጅመንቱ አጨበጨበ! እንዴት አያጨበጭብ? ሠርቶ የማያውቀውን ሲሠራ ራሱን በቀለም አየ።

በዚያው ሰሞን ፋብሪካው ለዱራሜና ለሾኔ ትምህርት ቤቶች በየሰኞው ብስኩት ለማድረስ ሊዋዋል ሆነ። ጭነቱ ከዘገየ ውሉ ይፈርሳል። ዕቅዱ ላይ የምትፈርመው ደግሞ የዕቅድ ባለሙያዋ ናት። ከትርሲት በፊት በዚያ ወንበር ላይ የነበረው ሰው፣ ሳይደርስ በቀረ ጭነት የተነሳ «የዕቅድ ጉድለት» ተብሎ ወደ አሮጌ ዕቃ መጋዘን ተወርውሯል፤ እስከ ዛሬ ዝገት ይጠብቃል። የወንበር አመክንዮ ይህ ነው፤ ዕቅዱ ሲሳካ የአመራሩ ብቃት፣ ሲከሽፍ የፈራሚው ድክመት! መጋዘኑ በትርሲት መስኮት በኩል ይታያል። ስለዚህ ገነቱን ወደ ምድር ማውረድ ጀመረች።

የመብራት መቋረጥን አስገባች። ማንም አልተቃወመም፤ እንዲያውም ደስ አላቸው፤ ጥፋቱ የሌላ ነዋ። የክረምቱን ጭቃ አስገባች። «ትክክል» አሉ፤ ጭቃ አይከራከርም። ቀጥላ ለቅሶን አስገባች።

እንግዲህ በዚህ ሀገር ጎረቤት ሲሞት ሰው ይሄዳል። አንድ ሠራተኛ አይደለም የሚሄደው፤ ማሸጊያ ክፍሉ በሙሉ ነው። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው የራሱን ሬሳ ብቻውን ይሸከማል። ይህን የሚያወግዝ የለም፣ የሚያስቀርም የለም። ዕቅድ ላይ የሚጽፈውም የለም። ትርሲት ጻፈችው። ምክርም አከለችበት፤ ሾኔ ላይ መጋዘን ተከራይተን መጠባበቂያ ብስኩት እናስቀምጥ፣ ሰው ለቅሶ ሲሄድ ለሁለቱም ከተማ ከዚያ ይጫናል አለች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኤርጃቦ በስብሰባው ላይ ስክሪኑን አዩ። ትንንሾቹ ሰዎች ማሽናቸውን ጥለው ተያይዘው ሲወጡ አዩ።

«እነዚህ ወዴት ነው?»

«ለቅሶ።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም። ግምት ነው። ካለፉት ዓመታት ተነስቼ፣ በየወሩ ቢያንስ…»

«በየወሩ! በኢየሱስ ስም!» ከወንበራቸው ተነሱ። «አንቺ ልጅ፣ በእኔ ፋብሪካ ሰው እንዲሞት ታቅጃለሽ?»

የትራንስፖርት ኃላፊው ፈትሁዲን ቀልዱን ምላሱ ጫፍ ላይ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። «ጋሼ፣ ዕቅድ ከሆነማ አይስጉ» አለ። «እኛ አንድም ቀን ዕቅድ አሳክተን አናውቅም። ማንም አይሞትም።»

ሰው ሳቀ። አቶ ኤርጃቦ አልሳቁም።

«ይሰረዝ!»

«እሰርዘዋለሁ» አለች ትርሲት። «ከተሰረዘ ግን እርስዎ ይፈርሙበት።»

«እኔ ሥራ አስኪያጅ ነኝ! ባገኘሁት ወረቀት ሁሉ ላይ እፈርማለሁ እንዴ? ለቅሶ ደግሞ በእኛ ፋብሪካ ሥራ አስቁሞ…»

የመጋዘን ኃላፊው ስልክ ጠራ። ጎረቤቱ አርፈዋል፤ የልጅ ልጅ ድረው ያዩ፣ ሞት ራሱ አድራሻቸው የጠፋበት የሚመስል ሽማግሌ ናቸው። አቶ ኤርጃቦ የዓረፍተ ነገራቸውን ግማሽ አፋቸው ውስጥ ትተው ተነሱ።

«ስብሰባው ይበተን! ሰርቪስ አለ?»

«ጋራዥ ነው።»

«የጭነት መኪናውስ?»

«ለሾኔ ነጋዴዎች ብስኩት ተጭኖበታል» አለ ፈትሁዲን።

«አውርዱት!»

ብስኩቱ ወረደ፣ ሰው ተጫነ። ምድጃ ውስጥ የቀረው ደግሞ ከሰል ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ጋቢናው ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን፣ የሐዘን ፊታቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል።

ከዚህ በኋላ «ትርሲት፣ ልክ ነበርሽ» ይባላል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ፣ ሰው አያውቅም። ሹክሹክታው የለቅሶውን ድንኳን ዞረው። «ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችው፤ ወዲያው ሞቱ።» ማስረጃዋ ወንጀሏ ሆነ! የተማረ ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ ይህን ማስረዳት አይችልም፤ እሷ ግን አንድ በአንድ ለማስረዳት ሞከረች፤ በሞከረች ቁጥር ሰው ይበልጥ ራቃት።

በማግስቱ የማሸጊያ ክፍል አለቃዋ ወይዘሮ ተናኜ ቢሮዋ ገብተው በሩን ዘጉ። እናታቸው ከታመሙ ቆይተዋል።

«ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ የኔ እናት አለችበት?»

«እትዬ ተናኜ፣ ስም የለበትም! ቁጥር ነው!»

«ስንተኛ ቁጥር ላይ ናት?»

ትርሲት ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ወይዘሮ ተናኜ ይህን እንደ መልስ ቆጥረው እያለቀሱ ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ መቀመጥ ተዉ።

አቶ ኤርጃቦም ወደ አሮጌ ዕቃ መጋዘን የሚያዛውራትን ደብዳቤ አስጽፈው ጠሯት። ያዳናት እዚያው የነበረው ፈትሁዲን ነው። ለእሷ አዝኖ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ብስኩት አውርዶ ሰው መጫን፣ ሰው አውርዶ ብስኩት መጫን አንገፍግፎት ነው።

«ጋሼ፣ ሠራተኛ በጅምላ ሥራ ትቶ ሲሄድ ዋናው መሥሪያ ቤት የማይቆጣበት ነገር ምን አለ?»

አቶ ኤርጃቦ አሰቡ። «ስልጠና» አሉ።

«በቃ! ዕቅዱ ላይ ያለውን ለቅሶ ስልጠና እንበለው።»

የሥራ አስኪያጁ ፊት በራ። «የአቅም ግንባታ ስልጠና» ብለው አስረዘሙት፤ አጭር ነገር ለሹም አይመጥንም።

«ውሸት እኮ ነው!» አለች ትርሲት።

«ቁጥሩ ተነካብሽ?» አለ ፈትሁዲን።

አልተነካም።

«የሾኔው መጋዘንስ?» አለች፤ ጥርሷን ነክሳ።

«ይከራይ እንጂ!» አሉ አቶ ኤርጃቦ። «ለስልጠናማ መጠባበቂያ የግድ ነው! ይህን እስከ ዛሬ ያላሰብሽው ለምንድን ነው?»

ለሞት የነፈጉትን ለስልጠና ሰጡ። ደብዳቤው ተቀደደ። ትርሲት ወረቀቱ እስኪበሳ እስክሪብቶውን ተጭና ፈረመች።

የወይዘሮ ተናኜ እናት ክረምቱ ሲገባ አረፉ፤ በአልጋቸው ላይ፣ በዕድሜያቸው፣ ያለ ማንም ዕቅድ። ቀብሩ ሰኞ ዋለ። ማሸጊያ ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ ምድጃውም አልተለኮሰም። ትርሲት ዝናብ እየመታት ድንኳኑ በር ላይ ቆመች፤ ገብታ «ገዳይቱ መጣች» ከምትባል እዚያው ብትበሰብስ መርጣለች። ወይዘሮ ተናኜ ከፍራሹ ላይ ቀና ሲሉ አዩዋት።

«የልጆቹ ብስኩት ሄደ?»

«ሄዷል፣ እትዬ። ከሾኔው መጋዘን ተጭኖ ዱራሜም ገብቷል።»

ሴትየዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ከጎናቸው ቦታ አስለቀቁ። «ታዲያ ምን ይገትርሻል? ነይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ማንም ከአጠገቧ አልተነሳም። መዘምራኑ ጀመሩ። በዚህ መሐል የአቶ ኤርጃቦ ስልክ ጮኸ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ሄዱ፤ ግን ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ይጮሁ ነበርና ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ።

«አዎ፣ ስልጠና ላይ ነን!… ተሳትፎው? መቶ በመቶ ነው፣ እኔም ራሴ አለሁበት!… ምን? የሚሰማው?… እ… የመክፈቻ መዝሙር ነው!»