ብሞት የምፈለግበት ቤት

ሙሚና የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ጧት የሱብሒን ሶላት ትሰግዳለች፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ትጠጣለች፤ ካርቱም ውስጥ ሳጃና ሠፈር ያለችውን ባለ አንድ ክፍል ሱቋን ከፍታ ሲነፍስ ያደረውን አቧራ ትጠርጋለች፤ ከዚያም ኮምፒውተሯን አብርታ ሰው ትጠብቃለች። በአዘቦት ቀን የሚመጣላት ጥቂት ነው። ዓርብ ግን የቤት ሠራተኞች የሚያርፉበት ቀን ስለሆነ፣ ከአል-ማንሺያ የባለጸጋ ግቢዎች ሳይቀር የወሎ ሴቶች እየመጡ ደጃፏን ይሞሉታል።

የምትሸጠው ዕቃ የለም። ሥራዋ ድምፅ መላክ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ ወይም ፊደል ያልቆጠረች እናት ያለቻት፣ ከማይክራፎኑ ፊት ተቀምጣ የልቧን ትናገራለች፤ ሙሚና ንግግሩን በኮምፒውተሩ ትቀዳና ወደ ካሴት ትገለብጠዋለች፤ ካሴቱም በመንገደኛ እጅ፣ በመተማ በኩል፣ ወደ ባቲ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ሐርቡ ይሄዳል። ካሴት መንገድ ላይ ይጠፋልና ዋናው ድምፅ ከማሽኑ አይወጣም። ያ ግራጫ ሣጥን የስንቱን ሰው እንባና ሳቅ ተሸክሞ ከረመ።

አንድ ሕግ አላት። ከሰላምታም ከምርቃትም በፊት፣ ተናጋሪዋ ብትሞት የምትፈለግበትን ቤት መናገር አለባት። «እኔ እገሊት የእገሌ ልጅ፣ ብሞት የምፈለግበት ቤት» ብላ ትጀምርና ሠፈሩን፣ የአሠሪዋን ስም፣ የበሩን ቀለም፣ ከመስጊዱ በስተየት እንደሆነ ሳይቀር ትናገራለች። ይህን ሕግ ያስወጣቻት ኒዕማ ናት። ኒዕማ የሙሚና የአክስት ልጅ ነበረች። ከምትሠራበት ቤት ታማ ሞተች፤ ቤቱን የሚያውቅ ዘመድ አልነበረምና ሙሚና ከሠፈር ሠፈር ስትንከራተት ቀድመው ቀበሯት። መቃብሯ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያሳይ ሰው አልተገኘም። የቀረው ድምፅዋ ነው። «እናቴ፣ ማር ላኪልኝ፤ የዚህ አገር ማር ስኳር ነው» ትልና ትስቃለች። እናቷ ዘንድ የነበረውን ካሴት ቴፑ በልቶት፣ «የልጄን ሳቅ ድጋሚ ቅጂልኝ» ብላ በቅርቡ ልካለች።

በፈረንጆቹ 2005 ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ቀኑን በቁሙ የሚያጨልመው የአቧራ ማዕበል፣ ሀቡብ የሚሉት፣ ከተማውን አለበሰው። በማግስቱ ሙሚና ኮምፒውተሯን ብታበራ ከሆዱ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች፤ ሰው በእንቅልፉ ጥርሱን ሲያፋጭ እንደሚሰማው ያለ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ጠፋ። ጠጋኙ ተውፊቅ መጥቶ ሣጥኑን ወደ ሱቁ ወሰደው፤ ጥቂት ቀን አቆይቶ መለሰው። ተውፊቅ እዚያው ካርቱም የተወለደ የአበሻ ልጅ ነው፤ አማርኛው ያነክሳል።

«ኻልቲ ሙሚና፣ ወላሂ ይኼ ነገርዬ ሽማግሌ ሆነ» አላት። «ሃርድ ዲስኩ ተዕባን ነው፣ ታሟል። ዛሬ ይሠራል፤ ነገ ኻላስ።»

«የታመመ ይታከማ!»

«ይታከማል፤ ግን ዲስኩን አውጥቼ ባዶ ዲስክ ነው የማስገባው። ያሮጌው ውስጥ ያለው እንዲገለበጥ ካልሽ እኔ ጋ ብዙ ቀን ይተኛል። ይወጣል አይወጣም፣ አላህ ያውቃል። እኔ አንቺን ብሆን ሁሉን ትቼ አዲስ እገዛለሁ። ለአሮጌ አህያ አዲስ ኮርቻ ምን ይሠራል?»

«አንተ ደግሞ አህያን የት አወቅኻት? ባለ ሦስት እግር ረክሻ ላይ የተወለድህ!»

ተውፊቅ እየሳቀ ሄደ። ሙሚና ግን አልሳቀችም። ማሽኑን ማሳከም ድምፆቹን ማጣት ነው፤ አዲስ መግዛት ደግሞ ከአቅሟ በላይ ነበር።

በማግስቱ አብዱልሰላም መጣ። አብዱልሰላም ሰምሳር ነው፤ ከገጠር ልጃገረዶችን አስመጥቶ በየቤቱ የሚያስቀጥር ደላላ። አንዲቱ ከአሠሪዋ ከጠፋች አስሶ ይመልሳታል፤ አሠሪዎችም የሚወዱት ስለዚህ ነው። በዚያ ሰሞን የሚፈልጋት ሬሕማ የምትባል ልጅ ነበረች። እመቤቷ በካውያ ክንዷን ብታቃጥላት በአጥር ዘላ ከአል-ማንሺያ ጠፍታለች። ከወር በፊት ተሸፋፍና ወደ ሙሚና መጥታ፣ በሕጉ መሠረት፣ በሐጅ ዩሱፍ ሠፈር የተሸሸገችበትን ቤት ለማሽኑ ተናግራለች።

አብዱልሰላም ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ ከሴቶቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ መቁጠሪያውን ያንከባልል ጀመር።

«ማሽንሽ ታመመ ሲሉ ሰማሁ፣ ሙሚናዬ። አላህ ያሽረው።»

«አሚን። አንቱ ደግሞ ለብረትም ዱዓ ያደርጋሉ?»

«ለአገሬ ልጅ እንጀራ ለሆነ ብረት እንዴት አላደርግ? አዲስ ኮምፒውተር አለኝ፤ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። አሮጌውን ስጪኝና ውሰጂው።»

ሙሚና ልቧ ዘለለ። በአንድ ቃል ከጭንቋ ሁሉ ልትወጣ ነው። «አሮጌው ለአንቱ ምን ይሠራል?»

«ለልጆች መጫወቻ።»

«እንግዲያው በውስጡ ያለውን አጥፍቼ...»

«የለም፣ የለም!» መቁጠሪያው ቆመ። ወዲያው ደግሞ ፈገግ አለ። «ምን አደከመሽ? እንዳለ ስጪኝ። የሴቶቹ ድምፅ ጥርት ያለ ነው አሉ። የአገሬን ሰው ድምፅ እየሰማሁ እጽናናበታለሁ።»

ሲወጣ ከደፉ ላይ ቆም አለ። «ያቺ ሬሕማ እንዴት ናት?»

«እኔ አላየኋትም።»

«እኔም አላየኋትም። ኢንሻአላህ እናያታለን።»

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ ሙሚና ግን የዚህን ጅብ አገር ታውቀዋለች። ያላወቀችው፣ በማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማን እንደነገረው ነው። ሱቋን ቆልፋ ወደ ተውፊቅ ገሠገሠች።

«ማሽኔ አንተ ጋ ሳለ ምን አደረግህ?»

«ምንም! ድምፅ ይሠራል፣ አይሠራም ብዬ አንዱን ከፈትኩ።»

«የቱን?»

«ምን አውቄ፣ ኻልቲ? አንዲት ሴት ናት። ብሞት፣ ብሞት ትላለች። በሩ አረንጓዴ ነው ምናምን፣ ሹርጣ፣ ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ...»

ሙሚና ሴትዮዋን አወቀቻት፤ ሬሕማ አልነበረችም። «ሱቁ ውስጥ ማን ነበር?»

«አንድ ሐጂ፤ ሙስበሓ፣ መቁጠሪያ የያዘ። ሻይ እየጠጣ። 'ድገመው' አለኝ። ደገምኩለት።» ተውፊቅ ፊቷን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «'ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምረው?' ብሎ ጠየቀኝ። ሌላም ከፈትኩ። አዎ አልኩት» አላት።

ሐዘኗ በተውፊቅ ላይ አልነበረም። ለሙታን ብላ ያወጣችው ሕግ ሕያዋንን አሳልፎ ሊሰጥ ነው። ሴቶቹ አምነው የነገሯትን ቤት ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ በገዛ እጇ አስቀምጣለታለች።

ተውፊቅን መፍቻውን አስይዛ ስትመለስ፣ የሱቋ ጓጉንቸር ተገልብጦ ተንጠልጥሎ አገኘችው። እሷ ሁልጊዜ የቁልፉን ቀዳዳ ከአቧራ ለመከለል ወደ በሩ አዙራ ነው የምትቆልፈው። አሁን ቀዳዳው ወደ መንገዱ ያያል፤ ዙሪያውም ተፋፍቋል። አልከፈቱትም። ገና አልከፈቱትም።

ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ማሽኑን አበራች። ኒዕማን ብቻ፣ አንዲቱን ብቻ፣ ወደ ካሴት ልትገለብጣት ፈለገች። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። አጠፋችው፤ ጠበቀች፤ ደግማ አበራችው። ቀጭ፣ ቀጭ።

«ሙቀቱ ነው» አለ ተውፊቅ በሹክሹክታ። «ካረፈ አንዳንዴ ይነሣል። ነገ ጧት እንሞክረው፣ ኻልቲ። ምናልባት ኒዕማ ትወጣለች።»

ነገ ጧት። ሙሚና የአክስቷን ፊት በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ ጆሮዋን ቴፑ ላይ ጥላ ሳቁን የምትጠብቀውን አሮጊት። ከዚያ የበሩን ቆርቆሮ አየች። በቆርቆሮውና በመሬቱ መካከል ባለው ክፍተት፣ ከውጭ የቆመ ሰው ጥላ ይታያል። ጥላው ጥቂት ቆየ። ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ከዚያ እግሮቹ ራቁ።

«ክፈተው» አለች። «ዲስኩን አውጣው።»

«ኻልቲ፣ ኒዕማስ?»

«ኒዕማ ከእንግዲህ አትያዝም። ያላ፣ አውጣው።»

ተውፊቅ ብሎኖቹን ፈታ። መዳፍ የምታህለዋን ብረት ሰጣት፤ ገና ትሞቃለች። ሙሚና ከሱቁ ጥግ የቡና ሙቀጫዋን ዘነዘና አነሣች፤ ቢስሚላህ አለች፤ በውስጧ ያለው መስታወት መሳይ ሳሕን ዱቄት እስኪሆን ድረስ ወቀጠችው። ያላለቀሰችው ተውፊቅ ስላለቀሰ ይመስላል።

በሩን ሲከፍቱ የአዲሱ ኮምፒውተር ካርቶን ከደፉ ላይ ተቀምጧል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከሻይ ሻጯ ዘንድ፣ አብዱልሰላም እግሩን አጣምሮ መቁጠሪያውን ያንከባልላል። ሙሚና ካርቶኑን አልነካችውም፤ ተሻግራው ወጣች። የዲስኩን ስብርባሪ በመሐረቧ ቋጥራ ይዛለች፤ እሱም መሐረቡን አየ፤ አይቶም ገባው። ከዚያ ዓይኑን ከመሐረቡ አንሥቶ እሷ ላይ አሳረፈ፤ እዚያው ላይም ተወው። ከእንግዲህ የሬሕማን ቤት የሚያውቅ ማሽን የለም። አሁን ቤቱን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

በዚያው ሳምንት ሙሚና ቆረጠች። አሮጌውን ማሽን በባዶ ዲስክ አሳከመችው። ሕጉን አልሻረችም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሴቶቹ የሚፈለጉበትን ቤት የሚነግሩት ማይክራፎኑ ተዘግቶ፣ በጆሮዋ ብቻ ነው። ሬሕማን ለማየት ልቧ ቢቃጠልም፣ ከኋላዋ የሚከተላት ሰው እያለ፣ በሐጅ ዩሱፍ መንገድ እግሯን ላታነሣ ወሰነች።