ዋስ ያጣሁበት ዓመት

ሥራዬን ነጠቁኝ። ፈተናውን አልፌ፣ ቀጣሪው ራሱ «ይኼን ሰውዬ እንፈልገዋለን» ካለ በኋላ «የሚያውቀው የለም» ተብዬ ቀረሁ። መርካቶ ላላችሁት፣ እንደኔም ለመምጣት ሻንጣ ለምታስሩት፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ማንንም አልተሰናበትኩም። መርካቶ ሸክም ተሸካሚ ነበርኩ። አባቴ ኤርትራዊ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሞተ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ ወዲያ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በማታ እስከ አሥራ ሁለተኛ ገፋሁ። ኤርትራ ነጻ ስትወጣ «የአባቴ አገር ነው፣ ማን ይከለክለኛል?» ብዬ ተሳፈርኩ። ደሴ አደርን፣ መቀሌ አደርን፤ አስመራ ስደርስ ብርዱ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ።

እዚህ ሰው ፌርማታ ላይ ተሰልፎ ነው አውቶቡስ የሚጠብቀው። እኔ እንደ መርካቶ በክርኔ ገባሁ፤ አንዲት ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ወርጄ ከኋላ ቆምኩ። ምሳው ፓስታ ነው፣ እሱም በሹካ ተጠቅልሎ። የኛ ቀይ ወጥ ትዝ ሲለኝ ምራቄን እውጣለሁ።

ገጀረት በሚባል ሰፈር ከጓሮ ክፍል ያከራዩኝ አደይ ለተብርሃን ናቸው፤ አደይ እናቴ ማለት ነው።

«ሚስት አለህ?» አሉኝ ገና እንዳዩኝ።

«የለኝም።»

«ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ያላገባኸው?»

ማታ ማታ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገባሁ። የክፍል ጓደኞቼ ልጆቼ ይሆኑ ነበር። «አያ አምቼ» ይሉኛል፤ አምቼ የሚሉት እንደኔ አዲስ አበባ ያደገውን ነው፣ ዕቃው ከውጭ መጥቶ እዚያ እንደተገጣጠመ መኪና። ስድብም ነው፣ ፍቅርም ነው። ሒሳቡ ሲጠፋብኝ ግን አንዳቸውም ጥለውኝ አልሄዱም። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የገባው በግራ! በግራ!» እያሉ፣ ሻሂያቸው እስኪበርድ ያስረዱኛል። እግዜር ይስጣቸው።

ሐምሌ ላይ ስንጨርስ አንድ አስመጪ ድርጅት መጋዘን ያዥ ሊመርጥ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ። ተፈተንን፣ እኔን መረጡ፤ የቀረው ዋስ ብቻ ሆነ። ተማሪውን ከቀጣሪ የሚያገናኙት የትምህርት ቤቱ ሹም ጠሩኝ።

«ወዲ መን ኢኻ?» የማን ልጅ ነህ ማለታቸው ነው።

«የገብረአብ።»

«አስመራ ላይ ድንጋይ ብትወረውር አንድ ገብረአብ ትፈነክታለህ። ዓድኻስ?»

የአባቴን መንደር ስም ነገርኳቸው።

«ንግደታችሁ መቼ ነው?»

«ምን ንግደት?» አልኩ።

«የዓዱን ንግደት ለማያውቅ ሰው የመጋዘን ቁልፍ ላስይዝ? ብትጠፋ ማንን ልያዝ፣ አዲስ አበባን?»

«ስታስተምሩኝ አልጠየቃችሁኝም!»

«ብናስተምርህ የሚጠፋብን የለም፤ ዕቃ ነው የሚጠፋ።»

ቦታውን ለሌላ ሰጡት። ይቅር አላልኳቸውም፤ አልልምም።

ለአደይ ብነግራቸው በእኔው ላይ ጮኹ። «ንግደት መንደሩ ታቦቱን የሚያነግሥበት ቀን ነው! ከተማ ያለ ልጅ ሁሉ ይሄዳል። መንደርህ የምራቴም ዓዲ ነው፤ ባለፈው ኅዳር ሚካኤል አብረሃት ሂድ ብዬህ አልነበረም?»

«ፈተና ነበረብኝ።»

«ኣንታ ዓሻ፣ አንተ ሞኝ! አሁን ዋስ ይሁኑኝ ልትለኝ ነው? እኔ ደመወዝ የሌለኝ አሮጊት ነኝ፤ ማን ይቀበለኛል?»

ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ራሳቸው ከምራታቸው ጋር ይዘውኝ ሄዱ። በየቤቱ መግባት ግድ ነው፤ በር ላይ ቆሜ እጅ ልነሳ ስል እየጎተቱ ያስገቡኛል፣ ያጎርሱኛል፣ ስዋ፣ የነሱን ጠላ፣ ይቀዱልኛል። አልጠጣም ያልኩትን ያን ቀን ማን ሰማኝ! እዚያም «ወዲ መን?» ነው። የገብረአብ ስል አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ጣሪያው የፈረሰ የድንጋይ ቤት ፊት አቆሙኝ። «እዚህ ነው የተወለደው» አሉ። አንዲት እናት ትከሻዬን በጥፊ መቱኝ፤ «ደንጒኻ!» ዘገየህ ማለታቸው ነው። አለቀስኩ። ምን ይጠበስ!

ከዚያው መንደር አስመራ ዳቦ ቤት ያላቸው አያ ዘርኣይ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አደይ ጉዳዬን ነገሯቸው፤ ዳቦ እየቆረሱ ሰሙና «ሲጠሩህ ጥራኝ» ብቻ አሉኝ።

ያ ድርጅት ከኔ የሚሻል አጣ መሰለኝ፣ በዚያው ሰሞን ተመልሶ መጣ፤ ጠራኝም። ሹሙ ፊት ከአያ ዘርኣይ ጋር ቀረብኩ።

«ይኼን ሰውዬ ያውቁታል?» አሉ ሹሙ።

«አላውቀውም። ካየሁት ሁለት ሳምንት አይሞላም።»

ሹሙ ፈገግ አሉ። «ታዲያ?»

«የአባቱ ቤት ግን ከኔ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የተያያዘው። እሱ ቢሮጥ ግድግዳውን ተሸክሞ አይሮጥ! በል፣ የት ነው የምፈርመው?»

ለአደይ፣ ለእነዚያ ልጆች፣ በጥፊ ለመቱኝም እናት የቐንየለይ እላለሁ፤ አመሰግናለሁ። ለሹሙ አላልኩም። አያ ዘርኣይ የፈረሙልኝ፣ ቁልፉም በእጄ የገባው ኅዳር ጽዮን በዋለ ማግስት፣ ሰኞ ከምሳ በፊት ነው።