ለአጎቴ በውሸት የተረጎምኩት ድራማ

በዲቪ አትላንታ ስመጣ የተቀበሉኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸው ከከተማው ወጣ ብሎ አቮንዴል እስቴትስ በሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ወገባቸውን ታመው ታክሲ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ክሊኒክ የማደርሳቸው፣ ደብዳቤያቸውን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። እሑድ ከሰዓት ደግሞ ቴሌቪዥን እተረጉምላቸው ነበር።

የሚወዱት ስለ ድሮ ዘመን የእንግሊዝ ገጠር ፖሊሶች የሚያሳይ፣ ዓመታት የዘለቀ ድራማ ነበር። በጎች፣ ጭጋግ፣ የዱሮ ዘፈን፣ አሮጌ የፖሊስ መኪና። የአጎቴ እንግሊዝኛ ከታክሲ ሥራ ስለማያልፍ የገጠሬዎቹ አነጋገር አይገባቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ግማሹን በግምት ነበር የምሞላው። ግምቴ ግን አይስትም፤ ታሪኩ በየሳምንቱ ያው ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው መጤ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። መንደሩን የሚያስቀው አጭበርባሪ በግ ሰርቆም አይታሰርም። ቁጡው ሃምሳ አለቃ በስተመጨረሻ ይራራል። ከዚያ ሁሉም መጠጥ ቤት ተሰብስበው ይስቃሉ፣ ይታረቃሉ። እዚህ ላይ የአጎቴ እንባ ይመጣል።

"አየሽ፣ ድሮ ሰው እንዲህ ነበር" ይሉኛል።

በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ሐበሻ በሚበዛበት ክላርክስተን በሚባል ሰፈር፣ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት አስቆመችኝ። የምወደው ሰው ነበረኝ፤ በድንገት ስልክ ማንሳት ትቶ የጠፋብኝ። የእሱ እህት ናት።

"ሽማግሌ ልከን አጎትሽ 'አገር ቤት ታጭታለች' ብለው መለሱን እኮ። አንቺ አታውቂም እንዴ?"

አላውቅም ነበር። እሱ አግብቶ ልጅ ወልዷል።

መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግኩ ጠፍቶኝ ብዙ ዞርኩ። ሳገኘው አላለቀስኩም። የማደርገውን ወስኜ ነበር።

እሑድ ሁለት ጓደኞቻቸው መጡ። በዕለቱ ድራማ ላይ በሬ የጠፋበት ኩርፍተኛ ሽማግሌ ገበሬ አለ፤ አጠገቡ አንዲት ወጣት ሴት። ለእኔ ይሄ በቂ ነበር።

"ልጅቷ የእህቱ ልጅ ናት" አልኩ። "ሊያገባት የፈለገ ሰው ሽማግሌ ልኮ ነበር። ገበሬው ግን የሚያገለግለው እንዳያጣ ታጭታለች ብሎ መለሳቸው። ለእሷም አልነገራት።"

"አስታግፊሩላህ!" አሉ አንደኛው እንግዳ። "ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?"

"አደራ የተሰጠውን ልጅ!" አሉ ሌላው።

አጎቴ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። አላዘንኩላቸውም፤ እንዲያውም ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

መጨረሻ ላይ የድራማው ሰዎች እንደተለመደው መጠጥ ቤት ተሰበሰቡ። ገበሬው ልጅቷን አቀፋት።

"ታረቁ ማለት ነው?" አሉ አንደኛው እንግዳ።

"አልታረቁም። እየተሰናበተችው ነው።"

እንግዶቹ ሲወጡ አጎቴ ቀና ብለው ሳያዩኝ "ማን ነገረሽ?" አሉ።

"እህቱ።"

"ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ ነው፣ ልጄ።"

"አሁን ይቀራሉ" አልኳቸው።

በሳምንቱ ከእሳቸው ርቄ ሮዝዌል በሚባል ከተማ ቤት ተከራየሁ። እናቴ ከደሴ እየደወለች "ምን በደለሽ?" ስትለኝ አልነገርኳትም፤ ወንድሟ ናቸው። አጎቴ ከአራት ዓመት በኋላ ሲሞቱ ለቅሶ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ሲያወራ እኔ ለለቀስተኛው ሻይ እቀዳ ነበር። እንደሚጸጽተኝ ጠብቄ ነበር። አልጸጸተኝም።