ባዶው የወይን መንገድ

እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም፤ ይቺን ያዙልኝ።

ጎፋ የምሠራበት ጂም ውስጥ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ሳይክል አለ። ፔዳሉን ስትረግጡ ፊት ለፊት ባለው ስክሪን ላይ መንገዱ ወደ እናንተ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ለጉልበታቸው ሳይክል ያዘዘላቸው ጋሽ ታደሰ መጡ። ሠላሳ ዓመት ከመካኒሳ ሜክሲኮ ሚኒባስ የነዱ ሰው ናቸው። ከመኪና ግርግር ትንሽ ይረፉ ብዬ የጣሊያንን የወይን እርሻ ከፈትኩላቸው። ግራ ቀኙ ወይን ነው፤ መንገዱ ጭር ብሏል።

ሁለት ደቂቃ እንደነዱ ዞር ብለው ከኋላቸው አዩ።

«መኪናው ሁሉ የት ገባ?»

«እዚያ መኪና አይገባም ጋሼ። ለሳይክል ብቻ ነው።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለህ?» ፍጥነታቸውን ቀነሱ። «በጠራራ ፀሐይ ባዶ አስፋልት? ነገር አለ።»

«ኧረ ዝም ብለው ይንዱ!»

«አንተ ልጅ፣ መንገድ እንዲህ ጭር የሚለው ሲዘጋ ነው። ባለሥልጣን ሊያልፍ ነው፤ ቀና ብሎ ማየት የለም» አሉና ዳር ለመያዝ መሪውን ወደ ቀኝ ይታገሉት ጀመር።

ልስቅ ስል፣ መኪና አይገባም ካልኩት መንገድ መታጠፊያ ላይ አንዲት ጥቁር መኪና ብቅ አለች። ጋሽ ታደሰ ዘለው ወረዱ። የታመመው ጉልበታቸው የት እንደገባ እንጃ።

«ፊትህን አዙር!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሰማኋቸው እንጂ አላየኋቸውም። እኔ ቀድሜያቸው ወደ ግድግዳው ዞሬ ነበር።